ባትሪው ከሳሽ እንጂ ተከሳሽ አይደለም

ይህን ወግ እስከ መጨረሻው ለታገሠ ሰው ሁለት ነገር ቃል እገባለሁ። አንደኛ፣ መኪናው መንገድ ላይ ቀይ የባትሪ መብራት ስታበራበት ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ሁለተኛ፣ ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰው ከሞተር ውስጥ የሩዝ ገለባ ሲነቅሉ ያያል። አንደኛው ባይጠቅማችሁ እንኳ ሁለተኛው ጊዜያችሁን ይክሳል ብዬ አምናለሁ።

ለመነሻ ያህል አንድ የታዘብኩትን ልንገራችሁ። የሰው ልጅ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ሲበራበት መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ወደዚያ ማየት ማቆም ነው። ወረታ ውስጥ የማውቀው አንድ የሚኒባስ ሹፌር ጥቁር ፕላስተር ለጥፎባት ከርሟል። ምነው ቢሉት «ዓይኔን እየወጋችኝ» አለ። ሌላው ደግሞ መብራቷ በበራች ቁጥር ዳሽቦርዱን ቡጢ ያቀምሰዋል፤ ድንገት ከጠፋች ወደ ተሳፋሪው ዞሮ «ተጠገነች» ይላል። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን ወዲያው ሮጦ አዲስ ባትሪ የሚገዛው ነው። ምን ያድርግ? መብራቷ ላይ የተሳለው ባትሪ ነዋ! ስዕሉን አምኖ ገዛ። አዲሱን ባትሪ አስሮ ሲያስነሳ ያቺው መብራት እንደገና ቁልጭ ብላ ታየዋለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ። ማብራራት እወዳለሁ። እናቴ «ይህ ልጅ እንዴት ዋልክ ቢሉት አዋዋሉን ከነምክንያቱ ያስረዳል» ትለኛለች። መካኒክ አይደለሁም፤ ወረታ መገንጠያው አጠገብ ስልክ እጠግናለሁ። የመኪናውን ነገር ያስተማረኝ የገዛ ስልኬና የሰው መኪና ነው። ስልኬ ላይ አያለሁ፣ የሰው መኪና ላይ እሞክራለሁ። እስካሁን ማንም አልከሰሰኝም።

መኪና ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያመርተው ባትሪው አይደለም። ባትሪው ጎተራ ነው። ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ ካለው ይሰጣል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ግን ዲናሞ የሚባለው ድብልብል ነገር እየተሽከረከረ ኤሌክትሪክ ያመርታል፤ መኪናዋን ይቀልባል፣ የተረፈውን መልሶ ጎተራው ውስጥ ይከታል። ዲናሞው ደግሞ በራሱ ፈቃድ አይዞርም። ቺንጊያ የሚባል የላስቲክ ቀበቶ የሞተሩን ጉልበት ተቀብሎ እሱን ያዞረዋል። እንግዲህ ቀይዋ መብራት ስትበራ የምትለው «ባትሪው ሞተ» አይደለም። «ከጎተራው እየተዛቀ ነው፣ የሚያስገባ ግን የለም» ነው የምትለው። ይህን ሁሉ ነገር በአንዲት የጥፍር ታህል ስዕል ለመናገር የደፈረውን ሰው፣ የትም ይሁን የት፣ አደንቀዋለሁ። እኔ ለዚህ አንድ ሙሉ አንቀጽ ፈጀብኝ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ወሩ ኅዳር ነው፤ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዙ ታጭዶ የሚወቃበት ጊዜ። ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል ብርቱካን የምትባል የአንበሳሜ ልጅ ወዶ ሽማግሌ ልኮ ነበር። በመጀመሪያው ጉዞ መልስ እንደማይሰጥ መቼም ታውቃላችሁ። የልጅቷ አባት አቶ አዳነ እንደ ወጉ «ዘመድ እንማከርበት» ብለው ለቅዳሜ ቀጠሩ። ሲያሰናብቱ ግን አንድ ቃል ጨመሩ፦ ሌላ ጠያቂም እንዳለ፣ ለእሱ እሑድን እንደሰጡት፣ ቅዳሜ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያልደረሰ ሰው ሐሳቡን እንደቀየረ አድርገው እንደሚቆጥሩት ነገሩን። አቶ አዳነ በቀጠሮ ነገር ቀልድ እንደማያውቁ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። ወንድሜ ያን ሳምንት እንጀራ አልበላም ማለት እችላለሁ። እርግጥ ነው በልቷል፤ ግን አልጣመውም።

ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ተነሳን። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። የነፍስ አባታችን ቄስ ፈንታሁን አሉ፤ በድንበር፣ በውኃ፣ በከብት የተጣላውን የአካባቢውን ሰው ሁሉ ሲያስታርቁ የኖሩ። አያ ቢያድግልኝ አሉ፤ የአባቴ ባልንጀራ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝና ከብት ያላቸው ገበሬ። ሦስተኛው ጋሽ ተድላ ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ተዛውረው የመጡ የወንድሜ አለቃ፣ ለዚህ ቀን ብለው ከጋቢያቸው ሥር ከረባት ያሰሩ። መኪናዋ ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ናት፤ ባለቤቷና ሹፌሯ እትዬ ዘነቡ። እትዬ ዘነቡ ከወሎ መጥታ ወረታ ላይ ሩዝ የምትነግድ፣ ምላሷም መሪዋም የማያዳልጥ ሴት ናት። እኔ መቼም ሽማግሌ አይደለሁም። የሄድኩት ቤቱን ስለማውቅ ነው። ኋላ ወንበር ላይ በአያ ቢያድግልኝና በጋሽ ተድላ መካከል እንደ ትራስ ተጠቀጠቅሁ።

ከወረታ ወጣ ብለን ሜዳው መሐል ስንደርስ አንድ ሰው መንሹን ከፍ አድርጎ አስቆመን። የመንገዱን አንድ ጎን ይዞ የሩዝ ነዶ ደልድሎበታል። በእኛ አገር በሩዝ ወራት መንገዱ ራሱ አውድማ ይሆናል። መኪና ካለፈበት ፍሬው ይረግፋል፣ የበሬው ድካም ይቀራል። ሰውዬው በሬው እንደታመመበት፣ ሩዙን ሳይወቃ ቢያሳድረው ደግሞ ደመናው እንደሚያሰጋው ነገረንና «በጎማችሁ እርገጡልኝ» ብሎ ለመነ። የማናችንም ዘመድ አይደለም። አያ ቢያድግልኝ ግን የታመመ በሬ የሚለውን ከሰሙ አለቀ። «ዘነቡ፣ በሞቴ፣ እርገጭለት!» አሏት። ቄስ ፈንታሁንም «ደግ ሥራ ይዘን ብንሄድ ይሻላል» ብለው ደገፉ። ጋሽ ተድላ ሰዓታቸውን አዩ፤ እጃቸውን ሲያዩ የተመለከታቸው ግን አልነበረም።

እትዬ ዘነቡ ረገጠች። ደግሞ አረጋገጧ! ወደፊት ትሄዳለች፣ ወደኋላ ትመለሳለች፣ ጎማዋን አንድ ጋት እያዛወረች አዲስ ነዶ ላይ ታሳርፋለች። በሬ ቢያያት ይቀናባታል። ሰውዬው ደስ ብሎት እየሮጠ ተጨማሪ ነዶ ሥሯ ይወረውርላታል። አያ ቢያድግልኝ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ልክ አውድማ ላይ እንዳሉ «ሃ! ዞር! ሃ!» ይሏታል። «እኔ በሬ ነኝ?» ብትላቸው «ከበሬም በሬ ነሽ» ብለው መረቋት። ነዶው ሲያልቅ ቀኑ ተጋምሷል፤ ሰውዬው አመስግኖ፣ ቄሱ ባርከው፣ እኛም በጽድቃችን ኮርተን መንገዳችንን ቀጠልን።

የጉማራን ድልድይ ተሻግረን ብዙም ሳንርቅ ከፊት «ሲጢጢጥ» የሚል ድምፅ መጣ፤ የታሰረች አይጥ ዓይነት። ወዲያው ቀይዋ መብራት ብልጭ አለች፣ ጠፋች፣ ከዚያ በርታ ቀረች። እትዬ ዘነቡ ዳሽቦርዱን በጣቷ ቆረቆረች። «ይቺ ደግሞ ምን ትላለች?» አለች። ጋሽ ተድላ ከእኔ በላይ አንገታቸውን አስግገው አዩና ባትሪው ማርጀቱን በሙሉ ልብ አረጋገጡ፤ ሐሙሲት ስንደርስ እንደሚገዛም ወሰኑ። አያ ቢያድግልኝ ፊታቸው ጨለመ። ለሽምግልና ወጥቶ ቀይ ነገር ማየት ደግ እንዳልሆነ፣ ምናልባት መንገዱ አልቀና እንደሆነ በቀስታ ጠየቁ። ቄስ ፈንታሁን ዞረው «ምልክት ነው እንጂ ትንቢት አይደለም» አሏቸው። ይህችን ንግግር ከዚያ ቀን ጀምሮ ለደንበኞቼ ሁሉ እናገራታለሁ። የማን እንደሆነች ግን ሁልጊዜ አልናገርም።

እኔ «እትዬ፣ አቁሚ» አልኩ። ቀጠሮ እንዳለን አስታወሰችኝ። ስለ ቀጠሮው ነው አቁሚ የምልሽ ብዬ ማብራራት ጀመርኩ፦ እንደዚህች ባለች መኪና ላይ ያው ቺንጊያ ዲናሞውን ብቻ ሳይሆን የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውኃ የሚገፋውንም ያዞራል፤ ቺንጊያው ካቃተው ሞተሩ ይፈላል፣ ሞተሩ ከፈላ ደግሞ አንበሳሜን በእግር ነው የምናያት። «የሙቀቷን ቀስት እይ» አልኳት። አየች። ቀስቷ ከወትሮዋ ከፍ ብላለች። እትዬ ዘነቡ ዳር ይዛ ቆመች። የመከረቻት መኪናዋ እንጂ እኔ አልነበርኩም፤ ቢሆንም ደስ አለኝ።

ሞተሩ ጠፋ፣ ኮፈኑ ተከፈተ። እኔም ለስልክ የምጠቀምባትን ትንሿን ቴስተር ከኪሴ አወጣሁ። ቴስተር ማለት በሁለት ሽቦዎቿ የኤሌክትሪክ ግፊት ለክታ በቁጥር የምትናገር መሣሪያ ናት። ባትሪው ላይ ሳስነካት ከአሥራ ሁለት ቮልት በላይ አለች። ጤነኛ ነው። ጋሽ ተድላ ቁጥሯን ሲያዩ ባትሪ የመግዛቱን ውሳኔ ሳያነሱም ሳይሽሩም ከረባታቸውን አስተካከሉ። እኔ ግን ማሰሪያዎቹ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት አይቻለሁ። «ይኸው!» አልኩ። ፈታኋቸው፣ በቢላ ፋቅኋቸው፣ በውኃ አጠብኳቸው፣ አጥብቄ አሰርኳቸው። የባትሪ ማሰሪያ ሲዝግ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚታገድም አብራራሁ። አያ ቢያድግልኝ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። «አስነሺ!» አልኩ፤ ድምፄ ትንሽ የዳኛ ነበር።

አስነሳች። መብራቷ እንደበራች ናት።

እትዬ ዘነቡ ከመሪው ላይ ሆና «ስልክ መሰለችህ እንዴ? አጥፍቼ ላብራት?» አለችኝ። ፀሐይዋ ወደ ጣና እያዘመመች ነው። ወንድሜ ዓይኔ ላይ መጣ፤ ከነከፋው ፊቱ። ማሰሪያውን ማጽዳቴ ስሕተት አልነበረም። ግን የማውቀውን ጠገንኩ እንጂ የተበላሸውን አልጠገንኩም። ቀጥሎ ምን እንደምነካ ግራ ገብቶኝ ቆሜ ሳለሁ ቄስ ፈንታሁን ቀስ ብለው ወረዱ፤ ጥምጣማቸውን አስተካክለው ከፊቴ ቆሙ።

«ልጄ፣ እኔ መኪና አላውቅም፤ ጠብ ግን አውቃለሁ። እስቲ አንድ በአንድ ንገረኝ። የጮኸው ማን ነው?» አሉኝ።

ባትሪው ነው አልኳቸው። ምን ብሎ እንደጮኸ ጠየቁኝ። አልተመገብኩም ብሎ ነው አልኳቸው። «ታዲያ የተራበውን ምን አድርግ ብለህ ነው ስታጥበው የቆየኸው? እሱ ከሳሽ ነው እንጂ ተከሳሽ አይደለም። መጋቢው ማን ነው?» አሉ። ዲናሞው ነው አልኩ። «እሱን ጠይቀኸዋል?»

አልጠየቅሁትም ነበር! ሁልጊዜ የማብራራው ነገር ነው፤ ባትሪው ጎተራ ነው፣ ዲናሞው ነው የሚያስገባው እያልኩ። ሲቸግረኝ ግን እኔም እንደ ሰው ሁሉ ስዕሉን አምኜ ባትሪው ላይ ተረባርቤያለሁ። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ቴስተሯን መልሼ አስነካሁ። ዲናሞው በደንብ ቢያስገባ ኖሮ ቁጥሯ ወደ አሥራ አራት መውጣት ነበረባት። እሷ ግን እዚያው አሥራ ሁለት ላይ ቆማ ቀስ በቀስ ትወርዳለች። እትዬ ዘነቡን «ነዳጅ ስጫት» አልኳት። ስትሰጣት ቁጥሯ ለአፍታ ወደ አሥራ ሦስት ዘለለች፣ መብራቷም ደብዘዝ አለች፤ ወዲያው ያቺ አይጥ «ሲጢጢጥ» አለችና ቁጥሯ መልሶ ወደቀ።

ይህን ለቄሱ አስረዳኋቸው። ለማየት ወደ ሞተሩ ጎንበስ ሲሉ የጋቢያቸው ጫፍ ወደሚዞረው ማራገቢያ ሲሄድ አይቼ «አባ፣ ጋቢዎን!» ብዬ ጮህኩ። አያ ቢያድግልኝ ከኋላ ሳብ አደረጓቸው። (ሞተር እየሠራ ሳለ ጋቢ፣ ከረባትና የነጠላ ጫፍ ወደ ኮፈን አይጠጉም። ይህን ሳትረሱ።) ቄሱ ምንም ሳይደነግጡ ነገራቸውን ቀጠሉ። «ሲያዞሩት ሰጠ አልክ?» አሉ። አዎ፣ ለአፍታ ሰጠ። «እንግዲያው እሱም ሰጪ ነው፤ እጁን የያዘው አለ። ከሞተሩ ተቀብሎ ለእሱ የሚያደርሰው ማን ነው?»

«ቺንጊያው» አልኩ፤ ይህን ስል ፀጉሬ ቆመ።

«እዚያ ፈልግ» አሉ ቄሱ። «እኔ ካስታረቅኋቸው ሰዎች ግማሾቹን ያጣላቸው በመካከል የሚመላለሰው ነው።» ከዚያ ደግሞ ማንኛችንም ያላሰብነውን ጠየቁ። «ይህ ጩኸት የጀመረው መቼ ነው? ከዚያ በፊት የት ነበርን?»

 አያ ቢያድግልኝ እትዬ ዘነቡን አዩ፣ እትዬ ዘነቡ ጋሽ ተድላን አየች፣ ጋሽ ተድላ ሰማዩን አዩ። ሁላችንም አንድ ላይ ወደ ሞተሩ ሥር ጎንበስ አልን። ሞተሩን ከታች የሚከልለው ፕላስቲክ ባለፈው ክረምት ጭቃ እየያዘ አስቸግሮ ስለወለቀ ሆዷ ራቁቱን ነው። በዚያ በኩል የገባው የሩዝ ገለባ የቺንጊያው መዞሪያ ላይ እንደ ገመድ ተገምዶ፣ በቺንጊያውና በጎድጓዳ መንገዱ መካከል እንደ ትራስ ገብቷል። ቺንጊያው ሞተሩን ይዞ መዞሩ ቀርቶ ገለባ ላይ እየተንሸራተተ ይጮሃል። የደግ ሥራችን ምስክር ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

አያ ቢያድግልኝ መሬቱ ላይ ቁጭ ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ወቃነው ስንል ወቃን!» አሉ። እትዬ ዘነቡ ደግሞ «ከበሬም በሬ ነሽ ሲሉኝ ገለባ ልታበሉኝ እንደሆነ መች አወቅሁ!» አለቻቸው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን እያሰብኩ እስካሁን እደነቃለሁ። ሞተሩ ጠፋ። የመኪናዋን ቁልፍ ነቅዬ ለቄስ ፈንታሁን ሰጠሁ፤ ሰው እጁን ሞተር ውስጥ ከትቶ ሳለ ሌላ ሰው በስሕተት እንዳያስነሳ ቁልፉ የሚታመን ኪስ ውስጥ መግባት አለበት፤ ከእሳቸው ኪስ የሚታመን የለም። ትንሽ እንዲበርድ ጠበቅን። ከዚያ አያ ቢያድግልኝ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጠቅልለው፣ ካራቸውን መዝዘው፣ በጀርባቸው መንገዱ ላይ ተኙ። ላስቲኩን ሳይነኩ ገለባውን ብቻ እየቆረጡ ያወጡታል፤ ከጥጃ እግር እሾህ እንደሚነቅል ሰው ነው የሚጠነቀቁት። ቄሱ የሚወጣውን ተቀብለው ዳር ያከማቻሉ። ገለባው ሲያልቅ ቺንጊያውን በጣቴ ዳሰስኩት። አልተሰነጠቀም፣ አልተተለተለም፤ ግን ተስቦ ላልቷል።

የላላ ቺንጊያ የሚጠብቀው ዲናሞውን ወደ ውጭ ገፋ በማድረግ ነው። የዲናሞውን ብሎን ታላላላችሁ፣ በጠንካራ እንጨት እየጫናችሁ ቺንጊያው ሲወጠር ብሎኑን መልሳችሁ ታጠብቃላችሁ። ብሎን መፍቻ እትዬ ዘነቡ ጋ ነበር። ጠንካራ እንጨት ግን ከየት ይምጣ? ሜዳው ላይ ከብትና ከአጨዳ የቀረ የሩዝ ቆረን እንጂ ዛፍ የለም። አያ ቢያድግልኝ የሽምግልና ዱላቸውን አቀበሉኝ። ልጅ ለመጠየቅ ተይዞ የወጣ ዱላ ዲናሞ ሲገፋ ከዚያ በፊት የታየ አይመስለኝም። እሳቸው ዱላውን ይዘው ሲጫኑ፣ ጋሽ ተድላ ከረባታቸውን ሸሚዛቸው ውስጥ ከትተው ብሎኑን ያጠብቁት ጀመር። ያን ቀን ሙሉ እንደዚያች ሰዓት ሲደሰቱ አላየኋቸውም። ወጣት ሳሉ የአባታቸውን መኪና ሲያጥቡ ማደጋቸውን ነገሩን። ማጠብና ማጥበቅ አንድ እንዳልሆነ ላብራራ አፌን ከፍቼ ተውኩት፤ ጥሩ አድርገው እያጠበቁ ነበር።

ልኩን የሚለካው አውራ ጣት ነው። በሁለቱ መዞሪያዎች መካከል ቺንጊያውን ስትጫኑት የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ከረገበ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ከረገበ ይንሸራተታል፣ ምንም አልረገብ ካለ ደግሞ ዲናሞውን ይጎዳዋል። ቄስ ፈንታሁን ራሳቸው ተጫኑት። ትንሽ አሰቡና «አሁን ተግባብተዋል» አሉ።

እትዬ ዘነቡ ቁልፉን ተቀብላ አስነሳች። ቀይዋ መብራት ድርግም አለች። አይጧ የለችም። ቴስተሯ አሥራ አራት አለች። እትዬ ዘነቡ መንገዱ መሐል እልልታዋን አቀለጠችው። ጋሽ ተድላ «ኧረ ቆይ፣ ልጅቷን ገና አልሰጡንም!» ብለው አስቆሟት።

ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የእትዬ ዘነቡ ነው። ሐሙሲትን አልፈን ወደ አንበሳሜ ስንታጠፍ ጠጠሩንና አቧራውን እንደ ጨርቅ አጠፈችው። የሙቀቷ ቀስት ቦታዋ ላይ ነች፣ መብራቷ ጨልማለች፣ የፀሐይዋ ነገር ብቻ ነው ያስጨነቀን። መንገድ ላይ አንድ ሌላ ገበሬ ነዶውን አስጥቶ እጁን አውለበለበልን። እትዬ ዘነቡ ወደ ቄሱ ዞራ አየቻቸው። ቄሱ በመስኮት ቡራኬ ሰጡት፤ ጎማ ግን አልሰጡትም።

ስንደርስ ፀሐይዋ ልትገባ ጫፍ ላይ ናት። አቶ አዳነ በራቸው ላይ ቆመው እሷን እያዩ ነው። ሽማግሌዎቹ ወረዱ፤ እንደ ወጉም ቆሙ። መልስ ሳይሰማ ሽማግሌ አይቀመጥም፣ «ተቀመጡ» ቢሉትም እሺ አይልም። እኔ ከኋላቸው ሆኜ ሳያቸው ግን ልቤ ወደቀ። ጥዋት በረዶ የመሰለው ጋቢ በግራሶ ተዥጎርጉሯል። የጋሽ ተድላ እጅ እስከ ክንዳቸው ጥቁር ነው። አያ ቢያድግልኝ ጀርባቸው ላይ መንገዱን ይዘው መጥተዋል። የቄሱ ጥምጣም ላይ ገለባ ተሰክቷል።

አቶ አዳነ ከእግር እስከ ራስ አዩአቸውና ምን እንደገጠማቸው ጠየቁ። ጋሽ ተድላ «ትንሽ የቴክኒክ ችግር» ብለው ጀመሩ። አያ ቢያድግልኝ ግን መሸፋፈን አያውቁበትም፤ ሁሉንም ዘረገፉት። ሰውዬውን፣ ነዶውን፣ ወደፊትና ወደኋላውን፣ መብራቷን፣ ገለባውን፣ የገዛ ዱላቸውን ሳይቀር። አቶ አዳነ ሰምተው ሲጨርሱ ፊታቸው አልተፈታም። «የእኔን ቀጠሮ ይዛችሁ የማታውቁት ሰው ሩዝ ላይ ስትመላለሱ ዋላችሁ?» አሉ።

 ወንድሜን በሐሳቤ ማጽናናት ጀመርኩ። ቄስ ፈንታሁን ዓይናቸውን ሳይሰብሩ «በሬው ታሞበት ነበር» አሉ። 

አቶ አዳነ ከቄሱ ጥምጣም ላይ ገለባዋን ነቀሉ። ከዚያ ብርቱካን ከተጠየቀች ሰንብታ እሺ ማለቷን፣ ለእሳቸው የቀራቸው የእኛን ሰው ማወቅ ብቻ እንደነበር ተናገሩ። «ለማያውቁት ሰው ነዶ እንዲህ የሆኑ ሰዎች ልጄን መንገድ ላይ አይጥሏትም። በሉ እጃችሁን ታጠቡና ተቀመጡ» አሉ። ሽማግሌዎቹም ተቀመጡ! እትዬ ዘነቡ ያቋረጠችውን እልልታ ከቆመበት ቀጠለችው። እሑድ ቀጠሮ የነበራቸው ሰዎች ምን እንደተባሉ አልጠየቅሁም፤ መኪናቸው ግን ምንም መብራት ሳታበራባቸው እንደምትመጣ አልጠራጠርም።

እንግዲህ ወንድሜ እስከዚያች ሰዓት እንዳይደውል በቄሱ ግዝት ተከልክሎ ነበር። ልክ ውኃ ለእጃችን ሲፈስ ስልኬ ጮኸ። «ምን ሆነ?» አለኝ። እኔም ልቤ በደስታ ሞልቶ ስለነበር ከመጀመሪያው ጀመርኩ፦ ባትሪው ደህና እንደሆነ፣ ማሰሪያው ላይ ዱቄት እንደነበር፣ ዲናሞው ነጻ እንደወጣ፣ ጥፋተኛው ቺንጊያው ላይ የተጠመጠመው ገለባ እንደሆነ፣ አሁን ግን አሥራ አራት እየሰጠ መሆኑን አስረዳሁት።  ከዚያ ጆሮዬን የሚያደነቁር ጩኸት መጣ፦ «ልጅቷስ?!»

እናንተም አሁን ተነሱ። ይህን ማንበብ ስትጨርሱ ውጡና ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ፣ ኮፈኑን ክፈቱ። ቺንጊያውን ፈልጉና በአውራ ጣታችሁ ተጫኑት፤ የአንድ ጣት ያህል ይረግባል? ተሰንጥቋል? ገለባ፣ ላስቲክ፣ ጨርቅ ይዟል? መኪና ከሌላችሁ እንደ እኔ የጎረቤት ክፈቱ፤ አስፈቅዳችሁ። ያን ቀይ መብራት ስታዩም በፕላስተር አትሸፍኑት፣ ባትሪውንም አትደብድቡት፤ ማን እንደሚመግበው ጠይቁለት። ሁሉም ተስተካክሎ መብራቷ ስትጠፋ ደግሞ ደስታችሁን ለሚጠብቃችሁ ሰው ደውሉና ንገሩት። ብቻ ስታወሩ ከልጅቷ ጀምሩ።